አስታማሚም ወገብ አላት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት በቀጥታ ስልካችን የተነሣው የአስታማሚዎችና የአካል ጉዳተኛ ሴቶች መብት ነበር። የሕግ ባለሙያዋ ለሦስት አድማጮች የሰጡትን መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናት አስታምማለሁ። ማታም ሦስቴ ተነሥቼ አገላብጣቸዋለሁ። ወገቤን ይቆርጠኛል። ዕረፍት ስጠይቅ «እዚሁ ተኝተሽ እያደርሽ ምን ዕረፍት ትያለሽ?» ይሉኛል። መብት የለኝም?

መልስ፦ አለሽ፣ እህቴ። ማታ ሦስቴ የሚነሣ ሰው ሲሠራ ነው ያደረው።

ክፍተቱንም ልንገርሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ አይፈቅድም። የሰው ቤት ሥራን ግን ለብቻው አውጥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰን ብሏል። ይህ ያናድደኛል። ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን የምታነሣ ሴት ሰዓቷ ተቆጥሮላት፣ ሰው የምታነሣዋ የማይቆጠርላት ለምንድን ነው? የቀጠረሽ ድርጅት ከሆነና ወደ ቤቱ የላከሽ እሱ ከሆነ ግን አዋጁ ይመለከትሻል።

ቤተሰቡ ራሱ ከቀጠረሽ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2601 ያዢ። አብራው የምትኖር ሠራተኛ ጤናዋ እንዲጠበቅ አሠሪው መኝታዋን፣ ምግቧን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷን ማመቻቸት አለበት ይላል። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩና በወረቀት አስፍሩት፤ ደሞዙን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ ማታ ማን እንደሚነሣ። ምስክርም ይፈርም። በደላላ በኩል በቃል ብቻ የሚያዝ ሥራ በኋላ መካካድ ያመጣል።

እስከዚያው እናትየውን ብቻሽን አታንሺ። አንሶላ አጥፋችሁ ከሥራቸው አንጥፉና ከቤተሰቡ ከአንዱ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ሳቡ። ቆዳቸውም አይላጥም፣ ወገብሽም ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ፤ ቢሮ እሠራለሁ። ረዳቴን ከደሞዜ ነው የምከፍላት። እሑድ ትረፍ እላለሁ። እሷ ካረፈች ግን ሽንት ቤት የሚያደርሰኝ የለም። ቅዳሜ ማታ ጀምሬ ውኃ አልጠጣም።

መልስ፦ ይህን ስልክ ከሰማሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። እናንተ ሁለታችሁ አልተበዳደላችሁም። ሌላው መሸከም ያለበት ወጪ እናንተ ላይ ወድቆ ነው።

ከቢሮሽ ጀምሪ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ሥራሽን እንድትሠሪ የሚያግዝሽ ረዳት እንዲመድብልሽ ያዛል። ቢሮ ላለሽበት ሰዓት የረዳት ወጪ ከአንቺ ኪስ መውጣት የለበትም። በማመልከቻ ጠይቂና ቀን የተጻፈበት ግልባጭ አስቀሪ። ሴት በመሆንሽና አካል ጉዳተኛ በመሆንሽ የሚደርስብሽን ድርብ ጫና አሠሪው እንዲያስብበት፣ ከጾታዊ ጥቃትም እንዲጠብቅሽ አዋጁ ግዴታ ጥሎበታል። አድልዎ ደረሰብኝ ብለሽ ብትከሺም የማስረዳት ሸክሙ በዋናነት የአሠሪው ነው። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም።

የእሑዱን ረዳት ግን ይህ አዋጅ አይሸፍንልሽም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። ለቤት ውስጥ ረዳት በጀት እንዲያዝ አብረን መጮህ ያለብን እዚህ ላይ ነው። ለዚህ እሑድ ግን ዘመድ ወይም ጎረቤት በተራ ይግባልሽ። ውኃሽን ጠጪ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አላይም። ክትትል ስሄድ ነርሷ አብራኝ የመጣችውን ልጅ «ስንት ወሯ ነው?» ትላታለች። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለመባል ያብቃሽ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን፣ ማለትም ዓለም አቀፉ ስምምነት፣ ሕክምና በራስሽ ፈቃድ፣ ተነግሮሽና ገብቶሽ እንዲሰጥ ይላል። መርፌም ሆነ የወሊድ መከላከያ አንቺ ሳትሰሚና ሳትስማሚ አይሰጥም። ለረዳትሽም ጥሩ አይደለም፤ በማያገባት ነገር መልስ እንድትሰጥ እያስጨነቋት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ በር ድረስ ታድርስሽና ውጭ ትጠብቅሽ። የክትትል ካርድሽን ራስሽ ያዢ። ነርሷ እጇን ስትዘረጋ የምትሰጫት አንቺ ሁኚ።