ኩላሊት ሳምንታት ብርድ ላይ ሲሰነብት

(ስክሪኑ ላይ፦ በረዶ የሸፈነው የአላስካ ሜዳ)

ዛሬ ስለ ኩላሊት ላወራችሁ ነው፣ ግን ስኩዊረል በምትባል ከአይጥ ወገን በሆነች ትንሽ እንስሳ በኩል ዞሬ። አለት ላይ ከምናያት ሽኮኮ ጋር እንዳትምታታባችሁ፣ ይቺኛዋ የአርክቲክ ናት፣ መሬት ቆፍራ ነው የምትኖረው። ክረምቱ ሲገባ (የሐምሌን ዝናብ ማለቴ አይደለም) ጉድጓዷ ውስጥ ተጠቅልላ ሰባት ወር አካባቢ ትተኛለች።

እንቅልፏ ግን የኛ ዓይነት አይደለም። ብራያን ባርንስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት የሆዷ ሙቀት ከዜሮ በታች 2.9 ዲግሪ ድረስ ወርዶ ተገኘ፤ ደሟ ግን በረዶ አልሆነም። ነቅታ በደቂቃ ከ200 ጊዜ በላይ የሚመታው ልቧ ከአስር በታች ይወርዳል።

(ስክሪኑ ላይ፦ በበረዶ የታሸገ ኩላሊት)

ለንቅለ ተከላ የወጣ የሰው ኩላሊት በረዶ ላይ ቢቆይ ቢቆይ አንድ ቀን ተኩል ነው። ልብማ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት። የሷ ሳምንታት ይሰነብታል።

ደግሞ ዋናው ጣጣ ስትሞቅ ነው የሚመጣው። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ትነቃለች። መጀመሪያ ትከሻዋ መሀል ያለው ቡናማ ስብ መንደድ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ጡንቻዋ ይንቀጠቀጣል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ገላዋ 36 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ደሙም ብዙም ሳይደርሰው ወደከረመው አካል ሁሉ በአንዴ ይጎርፋል። የልብ ደም ሥሩ የተዘጋበት ሰው ሐኪሞች ሲከፍቱለት፣ የሚመለሰው ደም ራሱ ከኦክስጅን በሚወለዱ ጎጂ ቅንጣቶች ሴሎቹን ይጎዳል። እሷ ግን ይህንኑ በአንድ ክረምት ከአስር ጊዜ በላይ ታልፈዋለች!

እንዴት? አንዱ ነገር ቫይታሚን ሲ ነው። ተኝታ ሳለች ደሟ ውስጥ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ስትነቃ ይወርዳል፤ ልክ ጎጂ ቅንጣቶቹ በሚበዙበት ሰዓት ማለት ነው፣ እነሱን ለማክሸፍ እየዋለ ይመስላል። ሌላው ደሟ በብርዱ እንዳይረጋ መጠበቁ ነው። ጀርባዋ ላይ አሥራ ሦስት መስመር ባላት ዘመዷ እንደታየው፣ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች በብርዱ ጊዜ ጉበት ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ ስትሞቅ ተመልሰው ይወጣሉ። አንጀትም ምግብ ስለማይገባበት ይሟሽሻል። እኔን የገረመኝ አንጎል ነው፤ በዚህ ዘር እንስሳት የነርቭ ቅርንጫፎቹ በብርዱ ያጥራሉ፣ በነቁ በሰዓታት ውስጥ መልሰው ያድጋሉ።

(ስክሪኑ ላይ፦ ዓይኗን የገለጠች ስኩዊረል)

ይህን ሁሉ ተቸግራ ነቅታ ታዲያ ምን ትሠራለች? አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላት ተመልሳ ትጠቀለላለች።