ባጄን አንገቴ ላይ አድርጌ የወጣሁባቸው ጠዋቶች

እንዴት ዋላችሁ ሐዋሳዎች? ከይርጋለምና ከአለታ ወንዶም የመጣችሁ አላችሁ ሲሉኝ ነበር፣ ዳኤ ቡሹ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የጋበዙኝ ልጆች «በዚህ ጊዜ ሰው እንዴት ይጠነክራል? እሱን ተናገሪልን» ሲሉኝ ፈርቼ ነበር፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የተማርኩት ንግግር የለም። ስለዚ በራሴ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ።

2014 ላይ ነው፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ወደ ሀገሯ ከቀረጥ ነፃ እቃ ከሚላክበት እድል፣ ያስወጣችበት አመት፣ ኦርደር ቀነሰ፣ እኛም ልብስ ፋብሪካ መስመር ላይ የነበርን ልጆች በየተራ ተቀነስን። አራት አመት ሙሉ የሰፋሁት የሸሚዝ ኮሌታ ብቻ ነበር። እጅጌው የሌላ ልጅ ነው፣ ኪሱም የሌላ። ልብስ ሰፊ ነኝ እያልኩ አንድ ሙሉ ሸሚዝ መስፋት አልችልም ነበር፣ ይሄንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እናቴ የምትኖረው ወላይታ ነው። «ልጄ ፋብሪካ ነው የምትሰራው» እያለች ሰፈሩን ሁሉ ስትነግር የኖረች እናት፣ ምን ብዬ ልንገራት? አብረውኝ የተከራዩት ልጆች ሌላ ፋብሪካ ስለነበሩ እነሱም አላወቁም። ጠዋት እንደድሮዬ እነሳለሁ፣ ባጄን አንገቴ ላይ አደርጋለሁ፣ እወጣለሁ፣ ከዛ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አሳ ገበያ ሄጄ እቀመጣለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንደዚህ። አሳ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አስጠግተው መረብ ሲያራግፉ፣ ሴቶቹ ቅርፊት ሲፍቁ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው እኩል ቆመው አንጀት እስኪወረወርላቸው ሲጠብቁ ሳይ እውልና ማታ «ዛሬ ስራ በዝቶ ነበር» ብዬ እገባለሁ። ለእናቴ የምልከውን ብር ተበድሬ ነው የላኩት። ስራ ከማጣቱ በላይ ያደከመኝ ይሄ ማስመሰል ነው፣ ሌሊት እንኳን አያስተኛኝም ነበር።

አንድ ቀን አሳ የምትፍቀው እትዬ ባጄን አየት አደረገችና «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ስራሽ እዚህ ነው?» አለችኝ። በክፋት አይደለም። መልስ ሳልሰጣት አለቀስኩ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሾርባ ቀድታ ሰጠችኝ፣ «ጠጪ፣ ከዛ ለእናትሽ ደውዪ» አለች፣ ወደ ስራዋ ተመለሰች።

ደወልኩ። እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «ድምፅሽ ከተለወጠ ቆይቷል እኮ፣ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት» አለችኝ። «ሁለተኛ ተበድረሽ እንዳትልኪልኝ።»

የሲዳማ ሽማግሌዎች ሃላሌ የሚሉት ነገር አለ፣ እውነት ማለት ነው፣ ነገር ሲታይም «አፊኒ?» ብለው ነው የሚጠይቁት፣ ሰማችሁ ወይ እንደማለት። እዚህ ከተማ ስንት አመት እየሰማሁት ያን ቀን ነው የገባኝ፣ እውነት ሰሚ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ሁሉንም ሰው እንዳይሰማኝ ከልክዬ ነው የኖርኩት።

ከዛ አንድ ልብስ ሰፊ ጋር ሄጄ «ከኮሌታ ውጪ አልችልም፣ አስተምረኝ» አልኩት። አስተማረኝ፣ ወራት ፈጀ። የመጀመሪያው የሰፋሁት የተማሪ ዩኒፎርም ኪሱ ተጣሞ ወጣ፣ ለልጁ እናት «መጀመሪያዬ ነው፣ ተጣሟል» ብዬ አሳየኋት። ግማሽ ዋጋ ከፈለችኝ። በሳምንቱ የሁለተኛ ልጇን ጨርቅ ይዛ መጣች።

ዛሬ ተደላድያለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጨርቅም ክርም ሲጨምር ደምበኛ ይቆጣል፣ እኔም የገዛሁበትን ደረሰኝ አውጥቼ አሳየዋለሁ፣ አንዳንዱ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ይቆያል። ግን ሌሊት እተኛለሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ፣ ከስራ ወጥቶ ለቤተሰቡ ያልተናገረ፣ «ደህና ነኝ» እያለ የሚያድር እንዳለ አውቃለሁ። ያልፈለገ አይናገር፣ ማንም አያስገድደውም። ማይኩን ከፊት ረድፍ ጀምሬ እሰጣለሁ፣ እኔም እዚሁ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።