ሐኪሙ፣ መሪጌታውና ስልኩ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ከጎንደር የማወራችሁ ስለ ሞባይል ስልክ ነው። ሁላችንም በኪሳችን የያዝነውን ይህን አንድ ዕቃ በተለያየ የትምህርት ዘርፍ ያደጉ ሰዎች ለምን ለየቅል እንደሚያዩት ሳሰላስል ከርሜአለሁ። ከብዙዎቹ ጋር ተጨዋውቼ የደረስሁበት ሐሳብ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ በስልኩ ላይ የሚያየው ሙያው ዘመኑን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ነገር ነው የሚል ነው። ስለ ስልክ ሲነግሩን፣ የሚያሳስባቸው ምን እንደሆነም አብረው ይነግሩናል።

ለፊዚክስ ሰው የሚጠበቀው ልኬት ነው። ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚለየው 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚመጣ የሰዓት ምልክት ሲሆን፣ የሳተላይቶቹ ሰዓት ከምድሩ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጥናል። ይህ ልዩነት በአንስታይን ቀመር ባይታረም ኖሮ ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር፤ አዘዞ የቆመውን ሰው ፒያሳ ነህ እንደማለት ነው።

የምጣኔ ሀብት ሰዎች ግን ስልክ ሲነሣ ወዲያው ወደ ገበያ ይሄዳሉ። አዘውትረው የሚጠቅሱት ሮበርት ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመውን፣ በደቡብ ህንድ የኬረላ ዓሣ አጥማጆች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። ስልክ ከመግባቱ በፊት አጥማጁ በአንዱ የባሕር ዳርቻ ገዢ አጥቶ ዓሣውን ሲደፋ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ባለው ዳርቻ ገዢው ዓሣ አጥቶ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ስልክ በየአካባቢው ሲዳረስ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ፤ የዋጋው መራራቅ ጠበበ፣ የሚደፋው ዓሣ ቀረ፣ ትርፋቸው በአማካይ 8 በመቶ አደገ፣ ለሸማቹም በ4 በመቶ ረከሰለት። ይህን ጥናት እወደዋለሁ፤ እንዳለ አንሥተው ወደ ጎንደሩ ቅዳሜ ገበያ ሲያመጡት ግን እከራከራለሁ። የኬረላው አጥማጅ ጀልባ ላይ ስለነበረ ዋጋውን እንደሰማ አቅጣጫውን መቀየር ይችላል። ጤፉን ጭኖ ከደንቢያ የመጣ ገበሬ ግን፣ የሌላው ከተማ ዋጋ እንደሚሻል በስልኩ ቢሰማ እንኳ፣ መንገዱና የጭነት ክፍያው ካልፈቀዱለት፣ ወይም በክረምት ያበደረው ነጋዴ እህሉን የሚጠብቅበት ከሆነ፣ የሚሸጠው እዚያው ነው። ዋጋ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ገበያ መምረጥ መቻል ደግሞ ሌላ።

ሐኪሞቹን ሰው የሚጠይቃቸው ስልክ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ስልክ የሚጠቀምባቸውን የሬዲዮ ሞገዶች «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል» ከሚባሉት ምድብ አስገብቷቸዋል፤ ሆኖም የስልክ ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር ዘረ መልን ለመስበር የሚበቃ ጉልበት የለውም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ነውና፣ እዚህ ያሉ የጤና ሰዎች የሚያስቡት በምጥ ላይ ስላለች የገጠር እናት ነው። እነርሱ ሦስቱ መዘግየቶች የሚሏቸው አሉ፤ ሕክምና ለመፈለግ ለመወሰን መዘግየት፣ ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። አምቡላንስ የሚጠራ አንድ ስልክ ሁለተኛውን ያሳጥራል፤ በሦስተኛው ላይ ግን ብዙም አቅም የለውም።

ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ የአብነት መምህራኑ እይታ ነው፤ ስለ ምሁራን ስናወራ እነርሱን መርሳታችን ያሳዝነኛል። ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያና በከበሮ የሚታጀበው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየአገሩ የሚመጣ ተማሪ ዝማሜ፣ መረግድና ጽፋት የሚባሉትን የአቋቋም ስልቶች የሚቀበለው ከመምህሩ አፍና እጅ ነው። ዛሬ ተማሪው ስልኩን ከመምህሩ ፊት አስቀምጦ ይቀዳል፤ ማታም ጎጆው ገብቶ ደጋግሞ ያዳምጣል። አንድ እንዲህ ያጠና ተማሪ ትምህርቱን ሲያሰማ ተገኝቼ ነበር። ዜማውን አልሳተም፤ መቋሚያውን የሚያነሣበት ቦታ ግን በጥቂቱ ይዘገያል። መሪጌታው ቃል ሳይናገሩ የልጁን ክንድ ይዘው ከዜማው ጋር ከፍ ዝቅ አደረጉት፤ ልጁም ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ አልለቀቁትም።

በኋላ ስጠይቃቸው ስልኩን አልነቀፉትም። ሩቅ አገር ለሚመለስ ተማሪ መቅጃው እንደሚጠቅመው፣ የአረጁ መምህራን ድምፅም ተቀድቶ መቅረቱ መልካም እንደሆነ ነገሩኝ። የሚያሳስባቸው፣ ተማሪው የሚሰማውን ያህል የሚሰማው ሰው እንዳያጣ ነው፤ ስልኩ የመምህሩን ድምፅ ለተማሪው ያደርሳል፣ የተማሪውን ስሕተት ግን ሰምቶ አያርምለትም። ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ሆኖ ያገኘሁት ይህንን ነው፤ ሌሎቹ ስልኩ ምን እንደሚያደርስ ሲጠይቁ፣ እርሳቸው በሚደርሰው ሰው ላይ ምን እንደሚቀር ይጠይቃሉ።

ስለዚህ አንድ ምኞት አለኝ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦናና የሥነ ትምህርት መምህራን ከበአታ መምህራን ጋር ቢቀመጡና ሁለት ዓይነት ተማሪዎችን፣ በመቅጃ የሚያጠኑትንና ያለ መቅጃ የሚያጠኑትን፣ ዓመት ሙሉ ቢከታተሉ ደስ ይለኛል። ማን የበለጠ እንደያዘ በመጨረሻ የሚፈርዱት ግን መሪጌቶቹ ይሁኑ፤ ያቺን የመቋሚያ መዘግየት የሚለይ ሌላ መሣሪያ እኔ አላየሁም።