ነገ ወፏ ትመጣለች

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም፣ ያዘጋጀሁት ጽሑፍም የለም። ከኋላዬ የውሻ ጩኸት ከሰማችሁ የኮዬ ፈጬ ውሾች ናቸው። ሲመሽ ከብሎክ ብሎክ ይጠራራሉ። ታገሱኝ።

ነገ ወፍ ላመጣ ነው። በሕይወቴ የመጀመሪያዋ። ባጂ የሚሏት ትንሽዬ በቀቀን ናት፣ አረንጓዴ፣ ፊቷ ቢጫ። ክብደቷ ከ30 እስከ 40 ግራም ቢሆን ነው። ገና ልጅ ስለሆነች ወንድ ትሁን ሴት የሚያራባት ልጅም እርግጠኛ አይደለም። ከምንቃራቸው በላይ ያለው ቆዳ ሲያድጉ ለወንዱ ሰማያዊ፣ ለሴቷ ቡናማ ይሆናል። እስከዚያው «እሷ» እያልኩ ነው።

እና ፈርቻለሁ። ሆዴ ባር ባር ይላል። ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ ስለ ወፍ ሳንባ ሳነብ እውላለሁ። ሰው ለዚህ ይፈራል እንዴ? ብዬ ነው ዛሬ ማይኩን የከፈትኩት።

መጀመሪያ ላይ ያስጨነቀኝ የሰው ወሬ መሰለኝ። እኛ ጋ እንስሳ ሥራ አለው። ውሻ ግቢ ይጠብቃል። ድመት አይጥ ይይዛል። ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፣ ለበዓልም ትደርሳለች። ወፍስ? ለአንዷ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ ነገርኳት። «እንቁላል ትጥላለች?» አለችኝ። ሴት ከሆነች ልትጥል ትችላለች አልኳት። «ይበላል?» አለች። ኧረ በእመቤቴ! እርግብ ቢሆን ይገባት ነበር፤ እርግብ የሚያረባ ጎረምሳ የሌለበት ሰፈር የለም። ሳሎን ውስጥ የምትቀመጥ፣ የማትበላ፣ የማትጠብቅ ወፍ ግን ግራ አጋባቻት።

እማዬ ግን ቀልድ የላትም። አብረን ነው የምንኖረው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ስነግራት መጀመሪያ «በጥቅምት አንድ አጥንት ነው የተባለው፣ አንድ ወፍ አልተባለም» አለችኝ። ሳቅን። ቀጥላ ግን ኮስተር አለች። «ፈጣሪ ክንፍ የሰጠውን ፍጡር ልታስሪ ነው? ግፍ አይሆንብሽም?»

ይሄኛው ጠለቀ። መከራከሪያ ነበረኝ። የባጂ አገሯ አውስትራሊያ ነው፣ መሀል አገሩ፣ ደረቁ ቦታ። ጆን ጉልድ የሚባል እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1840 በሕይወት ያሉ ይዞ እንግሊዝ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ውስጥ ሲያራባቸው ኖሯል። የእኔዋም ጀሞ አንድ ሳሎን ውስጥ ነው የተፈለፈለችው። ኮዬ ሜዳ ላይ ብትለቀቅ አንዱ ጭልፊት ምሳ ያደርጋታል። ይህን ሁሉ ለእማዬ ዘረዘርኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እስር ቤት የተወለደ ልጅም እስረኛ ነው» ብላ ዘጋችኝ።

መልስ የለኝም። እስካሁን የለኝም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ኬጁን ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ የሚበልጥ መምረጥ ነው፤ ወፍ ወደ ጎን ነው የምትበረው። ከለመደችኝ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ክፍል ውስጥ እለቃታለሁ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ። መስታወት አይታያቸውም፣ በሙሉ ኃይላቸው ይላተሙታል።

አንድ ጓደኛዬ «የኛውን አገር ለምን አትወስጂም?» ብሎኝ ነበር። ጥቁር ክንፍ ያለውን፣ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ያለበትን አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን ማለቱ ነው። በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳን ጽድና ሾላ ያለበት ግቢ ይታያል። እሱ የዱር ነው፣ ዛፉ ላይ ይቆይ። እሱን ይዤ ኬጅ ውስጥ ባስገባ እማዬ መቶ በመቶ ትክክል ነች፤ እኔም አልከራከርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እውነተኛው ፍርሃቴ ጭስ ነው።

የወፍ አተነፋፈስ ከእኛ የተለየ ነው። እኛ አየሩን አስገብተን በዚያው መንገድ እንመልሰዋለን። ወፍ ግን ከሳንባዋ ሌላ የአየር ከረጢቶች አሏት። አየሩ ሳንባዋ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚያልፈው፤ ስታስገባም ስታስወጣም ሳንባዋ አዲስ አየር ያገኛል። ለመብረር ድንቅ ነው። ጭስና መርዝ ባለበት ክፍል ግን ያው ድንቅ ነገር ይገድላታል፤ ከእኛ ቀድማ፣ ከእኛ የበለጠ ትወስደዋለች። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ድረስ ካናሪ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ካለ ወፏ ቀድማ ትወድቃለች፣ እነሱ ሮጠው ይወጣሉ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በር ዘግተው ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው ሁላችንም ሰምተናል። እስቲ አሁን የእኛን ቤት አስቡት። እሁድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ። እማዬ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ረከቦቷን ዘርግታ፣ ከሰሉን አቀጣጥላ ተቀምጣለች። ቡናው ይቆላል፤ ጭሱ በየሰዉ አፍንጫ ስር ይዞራል። ከዚያ እጣኑ። የእማዬ እጣን አጨሳስ ደግሞ ልክ የለውም፤ ፍሙ ላይ በጣቷ እየቆነጠረች ትጨምራለች፣ ቴሌቪዥኑ እስኪደበዝዝ ድረስ። እኔ ያን ሽታ እወደዋለሁ። ቤት ገባሁ የሚለኝ እሱ ነው። ለእኔ ቤት የሆነው ነገር ለወፏ መርዝ መሆኑን ሳነብ ነው ድንግጥ ያልኩት።

«እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ሳሎን ውስጥ እጣን አይጨስም» ማለት ነበረብኝ። እንዴት ይባላል? ቀናት ፈጀብኝ። ስለ ሥራ እያወራን፣ ስለ ውሃ መጥፋት እያወራን፣ ወደዚያ እየተጠጋሁ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ጀበና እያጠበች አልኳት። ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም።

«ለወፍ ብዬ?»

«አዎ እማዬ።»

«ያለ እጣን ቡና? እሱስ ቢቀር ይሻላል።»

በረንዳ ላይ ይፈላ አልኩ። የኮዬን ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከሰሉን ራሱ ይዞት ይሄዳል። ኮሚናሉ ጋ ወርደን እናፍላ አልኩ። «እንጀራ የሚጋገርበት ቦታ እንግዳ ልጠራ ነው?» አለች። እኔ መኝታ ቤት ኬጁን አስገብቼ በሩን እዘጋለሁ፣ ከበሩ ስር ፎጣ አደርጋለሁ፣ ቡናው ሲያልቅ መስኮቱን ሁሉ እከፍታለሁ አልኩ። ዝም አለች። የእናቴን ዝምታ ገና አልተረጎምኩትም።

መጥበሻው ቀላሉ ነበር። የማይጣበቀው፣ ቴፍሎን የምንለው፣ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሽታ እንኳን ላይኖረው ይችላል። ለጎረቤቴ ሰጠሁት። አሁን እንቁላል በብረት መጥበሻ ነው፣ እየተጣበቀም ቢሆን። የሚረጭ ሽቶና የበረሮ መድኃኒትም ተሰናብቷል።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቤ ተመለሰ። ልጁ ዳጉሳና ማሽላ እንደሚሰጣት ነገረኝ። ትንሽ ኑግም ይጨምራል። ኑግ የእኛው አገር እህል መሆኑን ታውቃላችሁ፤ አሜሪካኖች ግን ከውጭ አስገብተው ለግቢ ወፍ ነው የሚሰቅሉት። መሬታቸው ላይ አረም ይዞ እንዳይበቅል ቀድሞ በሙቀት ይታከማል። እኛ ዘይት የምንጨምቅበትን፣ ልጥልጥ የምንሠራበትን! ዘይታም ስለሆነ ቆንጠር ብቻ፤ እህል ብቻ እየበላች ከዋለች ትሰባለች። ጎመንና ካሮት መልመድ አለባት። አቮካዶ ግን ፈጽሞ። ለወፍ መርዝ ነው። ቡናም፣ ቸኮሌትም፣ ጨዋማ ነገርም እንደዚሁ። ይህን ማቀዝቀዣው ላይ ጽፌ ለጥፌያለሁ፤ የእህቴ ልጆች እጃቸው አያርፍም።

የምትቆምበት እንጨትም አገኘሁላት። ከኬጁ ጋር የመጣው ሁሉም እኩል የሆነ ፕላስቲክ ነው፤ ለእግሯ ጥሩ አይደለም፣ ወፈር ቀጠን ያለ ቅርንጫፍ ነው የሚያስፈልጋት። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ለመንኩ። መድኃኒት ያልተረጨበት መሆኑን ጠይቄ፣ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ፤ ባሕር ዛፍም እኮ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳነ ዛፍ። የዱር ባጂዎች የሚፈለፈሉት ደግሞ በባሕር ዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። የአገሯን ልጅ ሳላውቅ ነው ያመጣሁላት። ይሄን ለእማዬ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ግን ሌሊት ሲሆን ሌላ ሐሳብ ይመጣል። ወፍ በሽታዋን ትደብቃለች። ዱር ውስጥ የደከመች ከመሰለች ጭልፊቱ የሚመርጠው እሷን ነው፤ ስለዚህ እስከመጨረሻው ደህና ትመስላለች። ላባዋን አጎፍራ ቁጭ ካለች፣ ስትተነፍስ ጅራቷ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ኩሷ መልኩ ከተለወጠ፣ ያኔ ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ የኩሽና ሚዛን ላይ እየመዘንኩ መመዝገብ ይኖርብኛል። ለእሷ ጥቂት ግራም መቀነስ ትልቅ ነገር ነው። የእንስሳት ሐኪም ስፈልግ ያገኘኋቸው ውሻና ከብት የሚያዩ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው። ከዚህ በፍጥነት መንገዱ ቅርብ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

እኔ የምናገር ሰው ነኝ፤ ሲያመኝ መላው ብሎክ ይሰማል። የማይናገር ፍጡር ሙሉ በሙሉ በእኔ ዓይን ላይ መጣሉ ነው የከበደኝ። ከሰው ወሬም፣ ከእማዬ ቁጣም ይበልጣል። ስልክ ላይ አፍጥጬ የምውል ሰው ነኝ እኮ። ኩስ በየጠዋቱ ማየት? እ... እለምደዋለሁ መሰለኝ። በነገራችን ላይ ኩሱ ሲደርቅ አቧራው ሰው ላይ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፣ በቀቀኖች ላይ የሚታይ። ሳይጠረግ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ነው።

ደግሞ ብቸኝነቱ አለ። ባጂ በመንጋ የምትኖር ወፍ ናት። ልጁ «ጥንድ ውሰጂ» ብሎኛል። አንዷን ሳላውቅ ሁለት? አልደፈርኩም። እኔ ግን ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው ማን ናት? ወፍ ማሰር ግፍ ነው ያለችው እማዬ። ስለዚህ ወፏ የምትለምደው እሷን ነው የሚሆነው። ትናንት «ቀን ቀን ምን ልበላት?» ብላ ጠይቃኛለች። ዝም ብለሽ አውሪያት አልኳት። «እሱ አያቅተኝም» አለች። አያቅታትም፣ በእውነት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ መንካት የለም። ኬጁ ግድግዳ ተጠግቶ፣ መስኮት ፊት ሳይሆን፤ የጥቅምት ብርድ ገብቷል። ማታ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለባት። ላትበላም ትችላለች፣ ላትጮህም ትችላለች። እጄን እያስገባሁ እንዳላስጨንቃት ነው ጭንቀቴ። የእህቴን ልጆች ቅዳሜ እንዳይመጡ አድርጌያለሁ፣ ተኮራርፈናል፣ ያልፋል።

ያው መንገዱም አለ። ከጀሞ ኮዬ። በታክሲ አልሞክረውም፤ ሦስተኛ ሰው በተጨመረበት ወንበር፣ ስፒከሩ እየጮኸ፣ ወፍ በጭኔ ይዤ? ራይድ እጠራለሁ። ሹፌሩን ሙዚቃ ቀንስልኝ፣ መስኮት ዝጋልኝ እላለሁ፣ ለምን ሲለኝ ካርቶኑን አሳየዋለሁ። ምን እንደሚለኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። «ይበላል?»

አዲስ አበባ ውስጥ ወፍ የምታሳድጉ ካላችሁ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። በተለይ የቡናውን ነገር እንዴት እንደፈታችሁት። ከእናታችሁ ጋር የምትኖሩ ቅድሚያ አላችሁ።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልጁ ይጠብቀኛል፣ እኔ ደግሞ ካርቶኑን እንኳን ገና አልበሳሁትም። ልሂድ። ቻው።