ለአራስ ቤት ምን ይገዛ? ምንስ ይቅር?

ሄኖክ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ከጎንደር ነው የምናነጋግራችሁ። ልጄ ሰባተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ትናንት ማታ እንቅልፍ ሲወስዳት ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት። የገዛነውም በስጦታ የመጣውም ዕቃ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ በየቀኑ የምንነካው ግን ተሰብስቦ አንድ ቅርጫት አይሞላም። በዚህ ጉዳይ እንነጋገር ብዬ ትዕግሥትን አስቸገርኳት።

ትዕግሥት፦ ምን ማስቸገር አለው፤ እኔም ስቆጭበት የኖርኩት ነገር ነው። በመጀመሪያ ግን ባለቤትህን እንኳን ማርያም ማረቻት፤ ቤት መጥቼ ብላትም ብደግመው አይከፋም። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስጠብቅ የሦስት ወር ቁጠባዬን አውጥቼ የእንጨት የሕፃን አልጋ ገዛሁ። ልጁ አንድም ሌሊት አልተኛበትም። ሌሊት በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ የሚጠባ ልጅ ከእናቱ እጅ ርቆ እንዴት ይተኛል? አልጋው የልብስ መከመሪያ ሆነ። እኔ ግን ወልጄ ስተኛ ለአጥሚት የሚሆን ገብስ የሚገዛበት ገንዘብ አጠረን። የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ሄኖክ፦ የእኔ ቁጭት ደግሞ ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። እኔ ሦስቱንም ቀን ፒያሳና አራዳ ዕቃ ስፈልግ ዋልኩ። ባለቤቴ የፈለገችው ልጇን ለግማሽ ሰዓት ይዞላት ዓይኗን እንድትከድን የሚያደርግ ሰው ነበር።

ትዕግሥት፦ ልክ እዚያው ጋ ነው ነገሩ ያለው። አራስ ልጅ የምትፈልገው ወተት፣ ሙቀትና ንጽሕና ነው። ሦስቱም የሚመጡት ከእናቷ ገላና ከእናቷ ጉልበት ስለሆነ፣ ለዕቃ የሚወጣው ገንዘብ ከእናቷ አፍ ላይ መነጠቅ የለበትም።

ሄኖክ፦ እንግዲያው ከምን እንጀምር?

ትዕግሥት፦ ከጨርቅ። ሁለተኛዋን ስወልድ እናቴ ከሣጥኗ ሁለት ያረጁ ነጠላዎች አወጣች። ከመታጠብ ብዛት ጥለታቸው ደብዝዟል፤ በእጅ ሲያዙ እንደ ባዘቶ ይለሰልሳሉ። መጀመሪያ ጥለቱን ቀድዳ ለየችው፤ ክሩ ሻካራ ስለሆነ የሕፃን ገላ ይፍቃል አለችኝ። ከዚያ እጥፋቱን ተርትራ፣ በክንዷ እየለካች በአራት ማዕዘን ቆረጠችው፤ ዳር ዳሩን በመርፌ ቀመቀመችው። ከሁለት ነጠላ 20 የሽንት ጨርቅ ወጣ። አንድ ብር አላወጣንም። ዛሬም ጨርቆቹን ሳጥፍ የእናቴ የዕጣን ሽታ የሚመጣብኝ ይመስለኛል።

ሄኖክ፦ የነጠላውን ነገር ወድጄዋለሁ። ነገር ግን እዚህ ላይ ልሟገትሽ። በእኛ ሰፈር ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። ልጅቷ በቀን አሥር ጊዜ ትቀየራለች። ያ ሁሉ ጨርቅ በየትኛው ውኃ ይታጠባል? በበርሜል ያለው ለወጥና ለእናቷ ገላ ነው። ስለዚህ ዳይፐር ያዝን፤ ወጪውም ወገባችንን ይዞናል።

ትዕግሥት፦ እውነትህን ነው፤ ውኃ በሌለበት ቤት ጨርቅ ብቻ ተጠቀሙ ብሎ መፍረድ በእናቲቱ ላይ ሸክም መጨመር ነው። እኔ ቀን ቀን ጨርቅ፣ ሌሊትና ከቤት ስወጣ ዳይፐር አደርግ ነበር። ወጪው በግማሽ ወረደ። ደግሞ ጨርቅ አንድ ነገር ያሳውቅሃል፤ ሲረጥብ ወዲያው ታያለህ። ከተወለደች አምስተኛ ቀን ጀምሮ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸናች ወተቱ እየበቃት ነው ማለት ነው። ወተቴ አነሰ እያሉ የሚጨነቁ እናቶች ይህን ቢቆጥሩ ብዙ ጭንቀት ይቀርላቸዋል።

ሄኖክ፦ ባለቤቴም ተጨንቃ ነበር። ጡጦ እና የዱቄት ወተት ልገዛ ወጥቼ አዋላጇ ናት በስልክ የመለሰችኝ።

ትዕግሥት፦ አዋላጇን እግዚአብሔር ይስጣት። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውኃም ቢሆን አያስፈልግም። ቢጫው እንገር ደግሞ የመጀመሪያ መከላከያዋ ነው፤ ታልቦ የሚደፋ አይደለም። አያቶቻችን በፍቅር ቅቤ ያስልሳሉ፤ ፍቅራቸውን ተቀብለን ቅቤውን ለእናቲቱ ገንፎ እናድርገው። እትብቱ ላይም ጤና ባለሙያ ካላዘዘ በስተቀር ምንም አይቀባም፤ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ከቆየ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ራሱ ይወድቃል። የገላ ፓውደር ይቅር፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። ኩልም ይቅር፤ እርሳስ ያለበት ኩል አለና።

ሄኖክ፦ ስለ ልብስስ? ከመጣው ስጦታ አብዛኛው ልብስ ነው። አንዳንዱን ገና ሳናለብሳት ጠቧታል።

ትዕግሥት፦ ይጠባታል። ከፊት የሚከፈት ስድስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሹራብ፣ ሁለት ኮፍያ፣ ሦስት አራት ካልሲ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሁለት ፎጣ ይበቃል። ጫማ ለማን ነው? አትሄድ። ይልቅ ብርዱን እናስብ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። አንተ ከለበስከው አንድ ደርብ ጨምርላት። በርዷት እንደሆነ ለማወቅ እጇን አትንካ፤ የሕፃን እጅ ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ይላል። ደረቷን ወይም ማጅራቷን ዳስስ። እዚያ ከቀዘቀዘች ልብሷን አውልቀህ እናቷ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ከላይ ጋቢ ደርበህ አስተኛት። ከዚያ የሚበልጥ ማሞቂያ አልተሠራም።

ሄኖክ፦ እኔም ሸሚዜን ከፍቼ ይዣታለሁ። ትንፋሿ አንገቴ ሥር ነበር፤ ልብሴን መልበስ እስክረሳ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ።

ትዕግሥት፦ ደግ አደረግህ። ስትተኛ ግን ሁልጊዜ በጀርባዋ፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ሳይደረግላት ትተኛ። የስጦታ ትራስ ካለ ለትልቅ ሰው ስጡት። አንቀልባውም አንገቷ እስኪጸና ይቆይ።

ሄኖክ፦ ለመታጠቢያ ሳፋ ገዝተናል፤ የእሷ ብቻ ነው፤ ልብስ አይታጠብበትም።

ትዕግሥት፦ ያ ይበቃል። ውኃውን በክርንህ ለካ፤ በእጅ መዳፍ ሲለካ ያታልላል። ሳሙናው ሽታ የሌለው ይሁን። ገንዘብ ካለህ አንድ ነገር ግዛ፤ ቴርሞሜትር። ከ37.5 ዲግሪ ካለፈ፣ ወይም ጡት አልይዝም ካለች፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ስታለቅስ ሳይሆን ዝም ስትል፣ ጡት ሲሰጣት አፏን ሳትከፍት ስትቀር ነው የሚያስፈራው።

ሄኖክ፦ የክትባት ካርዷን ደግሞ እኔ ልጨምር። ቢሲጂና ፖሊዮ እንደተወለደች፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። የስድስት ሳምንቱን ወስዳለች። ካርዱን ከወረቀት ፋይል ጋር አላስቀመጥነውም፤ በር ጀርባ ላይ በፕላስቲክ ሰቅለነዋል።

ትዕግሥት፦ ጎበዝ። አንድ የቀረን ነገር አለ፤ ጠያቂው። ሰው አራስ ሊጠይቅ ሲመጣ ባዶ እጁን መምጣት ያፍራል፤ ምን እንደሚያስፈልግ ስላልተነገረው ልብስ ይገዛል። መናገር ነውር አይደለም። ገብስ፣ አብሽ፣ ተልባ፣ አንድ ዶሮ፤ ወይም አንድ ቀን ጨርቅ ማጠብ።

ሄኖክ፦ ክርስትናዋ ሊደርስ ነው፤ 80 ቀኗ ገና ቢሆንም ዘመድ ከወዲሁ ምን እናምጣ እያለ ይደውላል። ዛሬ ማታ ለሁሉም ልብስ በቃን ብዬ እነግራቸዋለሁ። የጠበባት ደግሞ ታጥቦ ታጥፏል፤ ጎረቤታችን በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች፤ ለእሷ ነው።

ትዕግሥት፦ ከእኔ ቤት የነጠላውን ጨርቅ ጨምርበት፤ ልጄ አያስፈልጋትም አሁን። ለመሆኑ በእናንተ ሰፈር ውኃ መቼ ነው?

ሄኖክ፦ ሐሙስ።

ትዕግሥት፦ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ጀሪካን ይዤ እመጣለሁ። እኔ ስቀዳ ባለቤትህ ትተኛ።