አምሳ ሴት፣ አንድ ወንድ

ሰላም፦ ዛሬ ስለ ስፓኒሽ ነው። ወንድና ሴትን በጽሑፍ እኩል ስለመጥራት።

ዳዊት፦ ማድሪድ የኖርሽው አንቺ ነሽ። ጀምሪ።

ሰላም፦ እንደገባሁ ቋንቋ የምማርበት ቦታ ኢሜይል ላኩልን። «ውድ ተማሪዎች» ይላል። ግን ቃሉ መጨረሻ ላይ የኢሜይል አድራሻዋ «አት» (@) ተሰክታለች።

ዳዊት፦ አድራሻ መሰለሽ?

ሰላም፦ መልስ ልጽፍበት ነበር! በኋላ ጎረቤቴ አስረዳችኝ። «ኦ» (o) የወንድ፣ «አ» (a) የሴት መጨረሻ ናቸው። ምልክቷ ሁለቱንም ትመስላለች።

ዳዊት፦ እንዴት ጎበዝ ነው ያሰበው!

ሰላም፦ ይኸው፣ «ሁሉም» የሚለው ቃል በእሷ ሲጻፍ «tod@s» ነው። እስቲ ጮክ ብለህ አንብባት።

ዳዊት፦ ቶድ... (ሳቅ)

ሰላም፦ አየህ! «ኤክስ» የሚያስገቡም አሉ። እሷም አትነበብም።

ዳዊት፦ ለምን አስፈለገ ግን?

ሰላም፦ አምሳ ሴቶች «ቶዳስ»፣ ማለትም «ሁሉም» በሴት፣ ተብለው ተቀምጠዋል እንበል። አንድ ወንድ ሲገባ ሁሉም በወንድ «ቶዶስ» ይሆናሉ።

ዳዊት፦ በአንድ ሰው! እኛ «እናንተ» ብለን ተገላገልን።

ሰላም፦ በብዙ ቁጥር ነዋ። ለአንድ ሰው ሲሆን «ና» ወይ «ነይ» ነው። ማስታወቂያ ላይ «ይደውሉ» የሚሉት ለዚህም ይመስለኛል።

ዳዊት፦ እናቴ ወንድሜን «ነይ የኔ እናት» ነበር የምትለው።

ሰላም፦ እኔን ደግሞ አያቴ «ና አንተ»!

ዳዊት፦ ወንድሜ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። እናቴ ስትደውል አሁንም «ደህና ነሽ?» ናት። ካልተባለ ቅር ይለዋል።

ሰላም፦ እንዴት ደስ ይላል! እኛ ለፍቅር እናገላብጠዋለን። እዚያ ግን ጠብ ነው። የቋንቋው ደንብ አውጪ የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ «ቶዶስ» ሁሉንም ያጠቃልላል ብሎ ድርቅ ብሏል።

ዳዊት፦ ታዲያ «ቶዶስ ኢ ቶዳስ» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ነው። አለቀ።

ሰላም፦ ገጹ ሁሉ በዚያ ይሞላል! ወንድም ሴትም አይደለሁም የሚሉትስ? እኔ በ«ኦ» እና በ«አ» ፋንታ «ኤ» አስገብቶ «ቶዴስ» ማለት ይሻላል እላለሁ። ቢያንስ ይነበባል።

ዳዊት፦ አርጀንቲና ከለከለችው አይደል?

ሰላም፦ ዋና ከተማዋ ቦነስ አይረስ በፈረንጆች 2022 ለትምህርት ቤቶቿ ከለከለች። በ2024 ደግሞ የፕሬዚዳንት ሚሌይ መንግሥት ለመሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ውስጥ ሼንባውም የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆና ስትመረጥ «ፕሬሲዴንታ በሉኝ፣ በሴቷ ‹አ›» አለች።

ዳዊት፦ እሷስ ልክ ናት። «ቶዴስ» ግን ለጆሮዬ ይከብደኛል።

ሰላም፦ «ነይ» ለወንድምህ አልከበደህም እኮ።

ዳዊት፦ እሱ ሌላ ነው!

ሰላም፦ እንዴት ሌላ ይሆናል?

ዳዊት፦ እናቴ ናታ ያለችው።