በክፍት ስብራት አስቀድሞ ቁስሉን

(ምስል፦ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ)

ተራኪ፦ በዚህ ቁልቁለት መኪና ሲገለበጥ፣ ወይም በመንዝ ገደል እረኛ ሲወድቅ፣ የተሰበረው የቅልጥም አጥንት ቆዳውን በስቶ ሊወጣ ይችላል፤ ክፍት ስብራት የሚባለው ይህ ነው። ሁሉም የሚደነግጠው ለአጥንቱ ነው፤ እግሩ ማመርቀዝ አለማመርቀዙን በአብዛኛው የሚወስነው ግን በዙሪያው ያለው ቆዳና ጡንቻ ነው። አጥንት ከደሙ ከፊሉን የሚያገኘው ከሸፈነው ሥጋ ስለሆነ፣ ሥጋው ተቀጥቅጦ ሲላቀቅ ደሙ ይቋረጣል፤ ደም ያልደረሰበት ቦታ ደግሞ መድኃኒትም አይደርስበትም፣ ተሕዋስያን ግን ይባዙበታል። የቅልጥም የፊት ገጽ ከቆዳ በቀር መሸፈኛ ስለሌለው ይበልጥ ይጋለጣል።

(ምስል፦ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ቁስል)

ስለዚህ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ የሚፈስ ደም ካለ ተጭኖ ማቆም፣ እግሩንም በእንጨት ደግፎ ሳያጠብቁ ማሰር ያስፈልጋል። የወጣውን አጥንት ወደ ውስጥ መግፋት፣ ቡና ወይም ቅጠል መነስነስ አይገባም። ወጌሻ በአካባቢያችን የተከበረ ሰው ነው፤ ሆኖም ቆዳው የተቀደደ ስብራት ወደ እርሱ የሚወሰድ አይደለም፤ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ የደም ዝውውርን ዘግቶ እግር እስከ ማስቆረጥ ደርሷል።

የጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከአደጋው በኋላ በ1 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ቢጀመር ይመረጣል። ከመንዝ ደብረ ብርሃን እስኪደረስ ብዙ ሰዓት ሊያልፍ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው መርፌ ሪፈር ከመጻፉ በፊት በጤና ጣቢያው መሰጠት አለበት ብዬ አምናለሁ። የቴታነስ መከላከያም አይዘንጋ፤ አፈርና እበት የነካው ቁስል በተለይ ያሰጋል።

(ምስል፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል)

በቀዶ ሕክምና ክፍል ቁስሉ በብዙ ሊትር ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ይታጠባል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት በሳሙና የታጠቡት በሳላይን ብቻ ከታጠቡት ይልቅ ዳግም ቀዶ ሕክምና በብዛት እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል። ከዚያ ሐኪሙ ቀለሙ የጠቆረውን፣ ሲነካ የማይኮማተረውንና ሲቆረጥ የማይደማውን ጡንቻ ያስወግዳል። የሞተ ሥጋ ከቀረ የትኛውም መድኃኒት አያካክሰውም። አጥንቱ ከቆዳው ውጭ በሚታሰር ብረት ከተደገፈ በኋላ ቆዳው ካልበቃ በግድ ተወጥሮ አይሰፋም፤ ቢቻል በ3 ቀን፣ ቢዘገይ በ7 ቀን ውስጥ በጤናማ ሥጋ ይሸፈናል። ለላይኛው ቅልጥም የባት ጡንቻ ይዞርለታል፤ ለቁርጭምጭሚት ቅርብ ለሆነው ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ የሰውነት ክፍል ሥጋ ከነደም ሥሩ ይወሰዳል።

ቆዳው ባልተቀደደም ስብራት ቢሆን፣ ጄሶ ከተደረገ በኋላ ሕመሙ በማስታገሻ የማይበርድና ጣት ሲነቃነቅ የሚብስ ከሆነ፣ ጡንቻው በእብጠት እየታፈነ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል።